ከስምንተኛ ክፍል ያልወጣው መምህር

ማሙሽ ዘንድሮ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በመታወቂያው ላይ አርባ ሁለት ነው። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቶ ከኋላ ብቻ ቀርቷል፤ የቀረውም ሽበት ነው። ያም ሆኖ በስታዲየሙ ከበር ጠባቂው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ማሙሽ ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ከሒሳብ ሹሙ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሥራው የክለቡን የትጥቅ ክፍል መጠበቅ ነው። ክፍሉ ከተመልካች መቀመጫ ደረጃ ሥር የተወሸቀ፣ ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ጠባብ ቤት ነው። በአንዱ ግድግዳ ማሊያ፣ በሌላው ጫማ፣ መሐል ላይ ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፤ አንደኛው መሽከርከር ሲጀምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ማሙሽ ማሊያዎቹን የሚሰቅለው እንደ ሌላው ሰው ከአንድ እስከ ሠላሳ አይደለም። ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ለምንም የማይካፈሉትን ቁጥሮች በአንድ ዘንግ፣ የቀሩትን በሌላ ዘንግ ይሰቅላል። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። የግብ ጠባቂዎቹ አሠልጣኝ አንዴ ቁጥር ሲፈልግ ቸግሮት፣ "ይሄ ሰውዬ መቁጠር አይችልም እንዴ?" ሲል ሰምቻለሁ። ማሙሽም አብሮ ሳቀ።

እኔ የተዋወቅኩት ከሃያ ዓመት በፊት፣ በግራ መስመር እንደ ነፋስ በሚሮጥበት ጊዜ ነው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመጨረስ እታገላለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ትምህርት ቤት ያሳለፉት ዓመት የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ደሞዝ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በቢሮና በፋብሪካ እንደሚጨምር ብዙ ተጽፏል። "ኳስ ግን በእግር የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ማን ያውቃል?" አሉኝ አማካሪዬ የነበሩት ፕሮፌሰር። መጠይቄን ታቅፌ መቶ አሥራ ስምንት ተጫዋቾችን በየመልበሻ ክፍሉ እያሳደድኩ አነጋገርኩ።

ማሙሽ አርባ አንደኛው ነበር። ልምምድ ጨርሶ ቀኝ እግሩን በረዶ የሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

"ዕድሜ?" አልኩት።

"ይሄ ወረቀት ክለቡ እጅ ይገባል?"

"አይገባም። ስምህም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው።"

"ትምላለህ?"

"እምላለሁ።"

በረዶውን በእግሩ አማሰለና "ሃያ ዘጠኝ" አለኝ። የክለቡ ሰዎች ሃያ ሁለት ነው ብለውኝ ነበርና የሚቀልድ መሰለኝ። "ትምህርትስ?" አልኩ።

"አሥራ አራት ዓመት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ሁለት ዓመት መምህራን ኮሌጅ። ሒሳብ ነው ያጠናሁት። ሁለት ዓመትም አስተምሬያለሁ።" ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ፈገግ አለ። "በአራት ዓመት ውስጥ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ይላል ባክህ!"

የዚያን ቀን በረዶው ቀልጦ ውኃ እስኪሆን ድረስ አወራን። በትንሽ ከተማ መምህር ሆኖ ለመምህራን ቡድን ሲጫወት ነበር አንድ የክለቡ ሰው ያየው። ክለቡ የሚፈልገው ግን ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ነው፤ ለወጣት ቡድን አስፈርሞ ዓመት አጫውቶ ወደ ዋናው ያሳድጋል። ማሙሽ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። በቅጥሩ ቀን የክለቡ ጸሐፊ ቢሮ ውስጥ የሆነውን፣ ጸሐፊውን ድምፁን ጭምር እያስመሰለ ነገረኝ።

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሃያ አምስት።"

"አሥራ ስምንት ነው። ትምህርት?"

"ዲፕሎማ አለኝ።"

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ዓይን ዓይኑን አየው። "አንተ ልጅ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሁለት ዓመት አስተምሮ የለቀቀ ፍጡር አይተህ ታውቃለህ? ጉድ ልታፈላብኝ ነው? ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል ብዬ ልጻፍ።"

"ትንሽ ከፍ ቢልስ? አሥረኛ ቢሆን?"

"አሥረኛ ካልን ካርድ አምጣ ይባላል። ስምንተኛን ማንም አይጠይቅም። እዚያው ስምንተኛ ላይ አርፈህ ተቀመጥ።"

ደሞዝ ጨምሩልኝ ብሎ የተከራከረ ተጫዋች ብዙ አውቃለሁ። ሁለት ክፍል ጨምሩልኝ ብሎ የለመነ ግን ከማሙሽ በቀር አላጋጠመኝም። ሳይጨመርለት ፈረመ። ደሞዙ መምህር ሆኖ ከሚያገኘው ስድስት እጥፍ ነበር፤ የሚፈርድበት ካለ ይፍረድበት።

ባለቤቱ የኮሌጅ ክፍል ጓደኛው ነች፤ እሱ አንደኛ ሲወጣ እሷ ሁለተኛ ትወጣ ነበር። ዛሬም ሒሳብ ታስተምራለች። በፈረመበት ሰሞን አዲሱን መታወቂያ ሲያሳያት አገላብጣ አይታ፣ "አንተ ሰባት ዓመት ስትቀንስ እኔ ምን ልሁን? አክስትህ?" አለችው። በወረቀት ባሏን በስድስት ዓመት የምትበልጥ ሴት ሆና ቀረች። ሰፈር ውስጥ "ልጅ አገባች" ተብላ ታምታለች። መጀመሪያ ትስቅ ነበር።

ቅጽል ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን የነጥብ ስሌት ሲያርም ተጫዋቾቹ "ቲቸር" የሚል ስም አወጡለት። ጸሐፊው ሰምቶ ገስግሶ መጣ። "ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ ቲቸር አይባልም! ታስበሉኛላችሁ እኮ!" ተጫዋቾቹ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሙሽ አሉት።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው አላወቀም። ውል የሚታደስበት ወር ሲመጣ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ማሙሽን ወደ መታጠቢያ ክፍል ይጎትቱታል። ድምፅ እንዳይሰማ ውኃውን ይከፍቱታል። እሱም ውሉን በእንፋሎት መሐል ያነብላቸዋል።

"ይቺን ሦስተኛዋን አንቀጽ አየሃት? ከተጎዳህ መታከሚያህን ከኪስህ ነው የምትከፍለው ነው የምትለው። አትፈርም። አስወጣት። ይሄ የግብ ጉርሻ የሚለው ደግሞ ለተከላካይ ምን ያደርግለታል? ግብ ሳይቆጠርብህ ለወጣህበት ጨዋታ ይሁንልኝ በል።"

የመሐል ተከላካዩ በዚህ ምክር ደሞዙን እጥፍ አደረገ። የራሱ ተራ ሲደርስ ግን ማሙሽ ሳያነብ ነው የሚፈርመው። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደሱ እየገፋ፣ "ማሙሽዬ፣ ስምንተኛ ክፍል ምን ያነባል? እዚህ ጋ" ይለዋል፤ ፈገግ ብሎ። ሁለቱም ያውቃሉ። የማሙሽ ትምህርት የሁሉንም ደሞዝ ሲጨምር የሱን ብቻ አልነካውም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ጥናት ማለት ይሄ ነው ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ማጥራት የሚባለው ሥራ መጣ። ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው ዝርዝር እኔ ዘንድ ስለነበር፣ ተጫዋቾቹ የነገሩኝን ከክለቦቹ መዝገብ ጋር አስተያየሁ። በአሥራ ስድስት ወረቀቶች ላይ አልገጠመም። ፕሮፌሰሩ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ሲጋጭ መዝገቡን ያዝ፤ ተጫዋች ያወራል፣ መዝገብ አያወራም" አሉኝ። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ አርባ አንደኛው ወረቀት ላይ ሃያ ዘጠኝን ሰርዤ ሃያ ሁለት፣ አሥራ አራትን ሰርዤ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። እንደ ደንቡም ከስርዙ አጠገብ ፈረምኩ።

አሥራ ስድስቱም ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ መሆናቸውን አይቼ ነበር። በመዝገቡ ላይ ሁሉም ከተናገሩት በዕድሜ ያነሱ፣ በትምህርትም ያነሱ ናቸው። ሰው ሲሳሳት እንዲህ ተባብሮ አይሳሳትም። ግን ማስረከቢያዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ የማስተማር ሥራም ታይቶልኛል፤ ዝም አልኩ።

ውጤቱ ጥርት ብሎ ወጣ፦ ትምህርት ለተጫዋች ደሞዝ አይጨምርም። ፕሮፌሰሩ ጨበጡኝ፤ ዩኒቨርሲቲውም ቀጠረኝ። አንድ ጋዜጣ ይህችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር በትልቁ አወጣት፤ ጸሐፊው ቆርጦ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፋት። ልጄ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ይጫወት ብሎ ለመጣ አባት ሁሉ እሷን በጣቱ ያሳየው ነበር። አርባ ዓመት ሞልቶኝ አንድ የእረፍት ቀን ቁጥሮቹን እንደተነገሩኝ መልሼ አሰላኋቸው። ውጤቱ ዞረ፦ ትምህርት ይጨምራል። ወረቀቶቹን ወደ ካርቶናቸው መልሼ ቢሮዬ ባለው ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኳቸው።

ማሙሽ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ በወረቀት በሃያ ስድስቱ፣ ጉልበቱ ተበጠሰ። ያቺ ሦስተኛ አንቀጽ በሱ ውል ውስጥ እንዳለች ነበረች። ያጠራቀመውን ለሐኪም ከፈለ። ወደ ማስተማር እንዳይመለስ ዲፕሎማውና መታወቂያው የአንድ ሰው ናቸው የሚል ቢሮ አልተገኘም። ክለቡ እንደ ውለታ ቆጥሮ የትጥቅ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠው። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

አምና የወጣት ቡድኑ አሠልጣኝ ጡረታ ወጡ። ሲሄዱም "ለልጆቹ ከማሙሽ የተሻለ ሰው የለም" ብለው ጻፉ። ሥራ አስኪያጁ ተስማማ፤ ተጫዋቾቹ ተስማሙ። ለቦታው ፌዴሬሽኑ የሚሰጠውን የአሠልጣኝነት ኮርስ መውሰድ ብቻ ነው የቀረው። ለኮርሱ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ መሆን ያስፈልጋል።

ያን ጊዜ ነው ከሃያ ዓመት በኋላ ቢሮዬን ያንኳኳው። ደረጃውን በዚያ ጉልበት ወጥቶ ላብ አጥምቆታል። ወንበር ሰጠሁት። ዲፕሎማውን ከትራስ ጨርቅ ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

"ይሄን ይዤ ብሄድ ዕድሜው አይገጥምም ይሉኛል" አለ። "ክለቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። በዚህ ዓለም እውነቱን የተናገርኩበት አንድ ወረቀት አንተ ጋ ያለው ነው። አርባ አንድ ቁጥር። ያኔ ሳልቸገር የተናገርኩት ስለሆነ ያምኑታል። እሱን ስጠኝ።"

ቁጥሩን አልረሳውም። አርባ አንድ ከራሱና ከአንድ በቀር ለምንም አይካፈልም።

ካርቶኑን አወረድኩ። ጠፍቷል ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

"ማነው የሰረዘው?"

"እኔ ነኝ።"

ማሙሽ ጣቱን በቀዩ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰ። "ቀለሙ ጥሩ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሃያ ዓመት ሙሉ አልደበዘዘም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቀሩትን አሥራ አምስት ወረቀቶችም እንዲሁ እንደሰረዝኩ ነገርኩት፤ እኔው ራሴ አብሬህ ሄጄ እመሰክራለሁ አልኩት።

የፌዴሬሽኑ መዝገብ ቤት ኃላፊ ሹራብ የደረበች፣ ትሕትናዋ የማያልቅ ሴት ነበረች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ስርዙ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት ዶክተር?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ብለው ፈርመዋል፤ አሁን ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ተምሯል ይላሉ። የትኛውን ልያዝ?"

"ያኔ ተሳስቼ ነው።"

"ስህተትዎን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀብዎት?"

ዲፕሎማውንና መታወቂያውን ጎን ለጎን አድርጋ ወደ ማሙሽ ዞረች። በመታወቂያው እኩያዋ ስለሆነ አንተ አለችው።

"ስማኝ ወንድሜ። ይሄ ዲፕሎማ የኔ ነው ካልክ መታወቂያህ ሐሰተኛ ነው፤ ለሕግ ክፍል ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። አንተም ከሥራህ ትነሣለህ፣ ክለብህም ይቀጣል። የታላቅ ወንድሜ ነው፣ በስህተት አመጣሁት ካልክ ግን ይዘኸው ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። አስበህ ንገረኝ።"

ልታድነው እንደፈለገች ያስታውቃል። ማሙሽ እኔን አላየም። ዲፕሎማው ላይ ያለውን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፎቶግራፍ ነበር የሚያየው።

"የወንድሜ ነው" አለ።

ሴትዮዋ እፎይ አለች። ዲፕሎማውን ስታጥፍ ዓይኗ ውጤቱ ላይ አረፈ። "በሒሳብ ግን ጎበዝ ነበር፤ ሁሉንም ኤ ነው ያመጣው።"

"አዎ፣ ጎበዝ ነበር።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ሞቷል።"

"እግዚአብሔር ያጥናህ" አለችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችው።

ወጥተን አውቶቡሱ ሲመጣ፣ "ለሷ አትንገራት፤ ሞቷል ማለቴን" አለኝ። ባለቤቱን ማለቱ ነበር።

ቦታው ለአንድ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ተሰጠ፤ ዲፕሎማው የጽሕፈት ሥራ አመራር ነው። ማሙሽ ኳሶቹን ነፍቶ ያስረክበዋል። ወሩ ሳያልቅ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ፦ ማሙሽ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። ቅዳሜና እሑድ ለጎልማሶች በሚሰጠው ትምህርት ተመዝግቦ፣ ክለቡ ስምንተኛን ጨርሷል ብሎ በጻፈለት ማስረጃ። በአራት ዓመት አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል። ዕድሜው እንዳይገፋ ስሰጋለት፣ "ጡረታዬማ በወረቀት ነው የሚቆጠረው፤ ሰባት ዓመት ትርፍ አለኝ" አለ። ከዚያ ውሸት ያተረፈው እነዚያን ሰባት ዓመት ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ትጥቅ ክፍሉ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ማሽኑ ወለሉን ያንቀጠቅጣል። ባለቤቱም ነበረች፤ ከትምህርት ቤቷ በቀጥታ መጥታ፣ እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ የጫማ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች።

"ጓደኛህን ታዘብልኝ" አለችኝ። "መቶ አምጥቶ ተከሰሰ።"

በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከመቶ መቶ አምጥቶ ነበር። መምህሩ፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ በክፍል ፊት አስነሥቶ፣ "ስምንተኛ ክፍል አቋርጠህ ዕድሜህን ሙሉ ማሊያ ስታጥብ የኖርክ ሰውዬ ይሄን ከየት አመጣኸው? ከማን ነው የቀዳኸው?" አለው። ማሙሽ ያለው መልስ ከሥራ የሚያስነሣው ነው። ቀድቻለሁ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለተኛ ከተደገመ እንደሚባረር ተጽፎ ተሰጠው።

"ስለዚህ ሁለተኛውን ፈተና ተሳስቼ ሠራሁት" አለና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። "ግን እንደገና በጥርጣሬ አየኝ። አንተ እስቲ እየው።"

ከሃያ አምስት ጥያቄ አሥራ ስድስት አግኝቷል፤ ከመቶ ስልሳ አራት። የተሳሳተባቸውን ተመለከትኩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አምስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አሥራ አንደኛው፣ አሥራ ሦስተኛው፣ እንዲሁ እያለ እስከ ሃያ ሦስተኛው። ቀና ብዬ ዘንጉ ላይ የተሰቀሉትን ማሊያዎች አየሁ።

"ይሄ ያስነቃብሃል" አልኩት። "ስህተት እንዲህ አይደረደርም።"

"እኔም እሱን አልኩት!" አለች ባለቤቱ። "መሳሳት እንኳ አይችልም! እኔ ተማሪዎቼ ሲሳሳቱ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ፣ ላሳይህ ብለው እንቢ አለኝ። አንተ ነህ የምታውቀው አለ።"

"እሱ ነው የሚያውቀው" አለ ማሙሽ፣ ረጋ ብሎ። የምሬት ቃና ፈልጌ አጣሁበት፤ በእውነት ለመማር ነበር የጠየቀኝ። እርሳሱን ቀርጾ ደብተሩን ጭኑ ላይ ገለጠ። "ያኔ አንተ አሥራ ስድስት ስህተት ነው ያስገባኸው፤ ፕሮፌሰሩም አልነቁ፣ ጋዜጣውም አልነቃ። እንዴት ነበር ያደረግከው?"

ማሽኑ ተንቀጥቅጦ ቆመ። ሁለቱም ይጠብቁኛል።

"ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ነው የተሳሳትኩት" አልኩ። "ዝቅ ወደሚያደርገው ወገን። ዝቅ ሲል ማንም አይጠይቅም።"

"አሃ" አለ ማሙሽ፤ ጎንበስ ብሎም ጻፈው።